ሥሩ ይፍላ፣ ቅጠሉ ይታፈን፦ የሕንዱን ካዳ በሰሜን ሸዋ ቅመም ማዘጋጀት

ለጉንፋን፣ ለአክታና ለሳል ሕንዶች በየቤታቸው የሚያፈሉት ቅመም ካዳ ይባላል። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ባለሙያዎች ክዋታ ይሉታል። የሚገባበት ነገር አብዛኛው ደብረ ብርሃን ገበያ ቅመም ተራ ላይ አለ፤ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ እርድ። ቅመም ማግኘት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አፈላሉ ነው። በብዙ ቤት ዝንጅብሉም፣ ጦስኙም፣ ዳማከሴውም አንድ ላይ ይጨመርና ክዳን በሌለው ድስት አንድ ሰዓት ሙሉ ይንተከተካል። የሚወጣው መራራ፣ ጉሮሮ የሚልጥ ውኃ ነው። የቅጠሉ መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤቱን አሽትቶ ሄዷል። መድኃኒት በመረረ ቁጥር ያድናል የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ ግን ምሬቱ የሚናገረው ቅጠሉ መቃጠሉን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሳሉን እዩ

ካዳ የሚሆነው ለተራ ጉንፋን፣ ለታፈነ አፍንጫ፣ አክታው አልላቀቅ ላለና ገና ጥቂት ቀን ለሆነው ሳል ነው። የሚያቀል እንጂ ከሥሩ የሚነቅል አይደለም፤ ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል።

አዩርቬዳ ሳልን በአምስት ይከፍለዋል። ሦስቱን ቫታ፣ ፒታና ካፋ ከሚላቸው የሰውነት ጠባዮች ጋር ያያይዛል፤ አራተኛው ከደረት ጉዳት የሚመጣ ነው፤ አምስተኛው ሰውነትን እያከሳ የሚሄደው ነው። ይህን አምስተኛውን ጥንታውያኑ ራሳቸው ለደከመ ሰው የማይድን ብለው ነው የመደቡት። ዛሬ ይድናል፤ የሚድነው ግን በጤና ጣቢያ ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ሌሊት ማላብ፣ መክሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ደግሞ 2 ሳምንት መቁጠርም አያስፈልግም።

ለሕፃን ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ለ1 ደቂቃ የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት መቁጠር ነው። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ድስት ለመጣድ ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቅመሙ በፊት መታየት አለበት። ደጋው ላይ እንጨት ስለሚወደድ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ የሚያስለው ሰው ብርድ እንዳይመታው ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ካዳው እዚያው በኩበት ይፈላለታል። ጭሱ ያባባሰውን ዝንጅብል አይመልሰውም። ማፍያው ከሰል ከሆነም ተቀጣጥሎ እስኪያልቅ ደጅ ይቆይ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይገድላል። የሚያስለው ሰው ከማጀት ይውጣ፤ ከተቻለም ምድጃው ራሱ ወደ ደጅ ይውጣ።

ድስት፣ ውኃ፣ ምልክት ያለበት ማማሰያ

የሸክላ ድስት ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይሁን። በተራ ብረት ድስት ውስጥ ቅርፊትና ቅጠል ሲፈላ መጠጡ እንደ ቀለም ይጠቁራል፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው አጥባቂ ነገር ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ነው። ሎሚ የሚጨመርበትን ደግሞ በአሉሚኒየም አታፍሉ፤ ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ያሟሟዋል።

የጥንቱ የአዩርቬዳ ልክ እንዲህ ነው፦ 1 እጅ የተከካ መድኃኒት፣ 16 እጅ ውኃ፣ ስምንተኛው እስኪቀር። ሌላው የተለመደ ልክ እንደ ዕቃው ጠባይ ይለያያል፤ ለስላሳ ከሆነ 4 እጥፍ፣ መካከለኛ ከሆነ 8 እጥፍ፣ ደረቅ እንጨትና ቅርፊት ከሆነ 16 እጥፍ ውኃ ተደርጎ ሩቡ እስኪቀር ይፈላል። ይህ ልክ ለሥርና ለቅርፊት የወጣ ነው። ለቁንዶ በርበሬና ለጥምዝ እንዳለ ቢወሰድ ጨጓራ ያቃጥላል። በቤት የሚፈላው ካዳ ከዚያ በጣም የቀጠነ ነው፤ 4 ብርጭቆ ገብቶ 2 ብርጭቆ ይወጣል። ብርጭቆ ሲባል እዚህ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዘው የሻይ ብርጭቆ ነው።

ግማሹ መቅረቱን በዓይን መገመት አይሆንም፤ ድስት ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ዓይን ይሳሳታል። መላው ቀላል ነው። ቅመሙ ከመግባቱ በፊት ባዶው ድስት ላይ መቅረት ያለበትን 2 ብርጭቆ ውኃ ጨምሩ። የእንጨት ማማሰያ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ታች አቁሙና አውጡት፤ እርጥበቱ የደረሰበት ላይ በቢላ ጫር አድርጉ። ከዚያ የቀረውን 2 ብርጭቆ ጨምሩና ጣዱ። ውኃው ወደ ጭረቱ ሲወርድ አልቋል። ለአንድ ድስት አንድ ጊዜ የተጫረ ማማሰያ ለሁልጊዜ ያገለግላል።

ከሰዓት ይልቅ ጭረቱን እመኑ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስላለች ውኃ እዚያ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ግን ወደ 96 ይጠጋል። በቆላ ከተማ የተጻፈ «10 ደቂቃ አፍሉ» የሚል መመሪያ መንዝ ላይ ሥሩን ሳያበስለው ይቀራል። ለዚህ ብሎ ፕሬሸር ድስት መጠቀም ደግሞ አይሆንም፤ ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚይዝ ውኃው አይቀንስም፣ ቅጠል ከገባበትም ይቀቅለዋል።

ሥሩና ቅጠሉ

ሥር፣ ቅርፊትና ፍሬ ጠንካራ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ተከክቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ገብቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በለሆሳስ ሲፈላ ነው። የቅጠል ጉልበት ያለው መዓዛው ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር በራሪ ነው። ስለዚህ ቅጠል የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ወዲያው ተከድኖ 10 ደቂቃ ይታፈናል። ሲከፈት ክዳኑ ሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ መልሳችሁ ድስቱ ውስጥ አራግፉት፤ መዓዛው እሱ ላይ ነው።

ቅመሙን ስትወቅጡ እንደ ቅንጬ ሸክሸክ አድርጉት፤ እንደ ሽሮ አታልሙት። የደቀቀው በማጥለያ አልፎ ብርጭቆ ውስጥ ይዘቅጥና የመጨረሻውን ጉንጭ አሸዋ ያስመስለዋል፤ ለሚያስል ጉሮሮ ደግሞ ዱቄት ራሱ ያስላል። ቀረፋ በተለይ በዱቄት ከፈላ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ቀረፋ በስንጥር ይግባ።

አክታ ላለው ሳል፦ ሦስቱ የሚያቃጥሉ

ሕንዶች ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ረጅሙን ቁንዶ በርበሬ እኩል አድርገው ትሪካቱ፣ ማለትም ሦስቱ የሚያቃጥሉ፣ ይሉታል። ረጅሙ ቁንዶ በርበሬ የእኛ ጥምዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ራሱ ግን አይደለም። የእኛው በጭስ ስለሚደርቅ ካዳው ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። ያ ብልሽት አይደለም፤ በፍሬዎቹ መካከል ነጭ ሻጋታ ካለ ግን ይጣል።

ለአንድ አዋቂ ለአንድ ቀን የሚበቃው ይህ ነው፦ 2 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ የተከካ ደረቅ ዝንጅብል፣ 10 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 ጥምዝ፣ ካለ 2 ፍሬ ሄል፣ 4 ብርጭቆ ውኃ። እኩል የሚለውን የሕንዶቹን ልክ ሆን ብለን ቀንሰናል፤ እኩል ከተደረገ መጠጥ ሳይሆን ቅጣት ነው። ሁሉም በቀዝቃዛው ውኃ ይግባ፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ውኃው እስከ ጭረቱ ይውረድ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አውርዱና 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ወይም 10 እርጥብ የበሶብላ ቅጠል ጨምሩ፤ ክደኑ። ከ10 ደቂቃ በኋላ አጥልሉት።

ማር የሚገባው ብርጭቆውን በእጅ መዳፍ መያዝ ሲቻል ነው። አዩርቬዳ ማር እሳት እንዳይነካው አጥብቆ ይከለክላል። ለእኛ ደግሞ ሙቀት የማሩን ሽታና ጣዕም መግደሉ ብቻውን ይበቃል። አንዱ ብርጭቆ ጠዋት፣ አንዱ ማታ፣ ሁለቱም ከምግብ በኋላ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጾሙን በካዳ አይፍታ፤ በባዶ ሆድ ቁንዶ በርበሬ ቃር ያስነሳል። መጀመሪያ እህል ይቅመስ። 3 ቀን ተጠጥቶ ምንም ካላቀለለ ቅመም መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ከ5 ቀን በላይም አይቀጠል።

ጦስኝ ስትገዙ ከጣርማ በር፣ ከመንዝና ከአንኮበር አካባቢ የሚመጣው የደጋ ጦስኝ ሌላ አገር የማይበቅል የኢትዮጵያ ተክል መሆኑን አስታውሱ። ትንሽ ቆንጥራችሁ በሁለት ጣት እሹት፤ ሽታው አፍንጫ መምታት አለበት። ድርቆሽ ድርቆሽ ከሸተተ ወይ ከርሟል ወይ ሣር ተቀላቅሎበታል። ከሥሩ ተነቅሎ፣ አፈር እንደያዘ የተሸጠውን እለፉት፤ የተነቀለ ጦስኝ በሚቀጥለው ዓመት አይወጣም፣ አፈሩም ካዳው ውስጥ ይገባል።

የ2012 ዓ.ም. ልክ

በኮሮና ጊዜ የሕንድ መንግሥት የባህላዊ ሕክምና ሚኒስቴር (አዩሽ) ለሕዝቡ ያወጣው የካዳ ቅይጥ ቀላል ነው፤ 4 እጅ ደረቅ የቱልሲ ቅጠል፣ 2 እጅ ቀረፋ፣ 2 እጅ ደረቅ ዝንጅብል፣ 1 እጅ ቁንዶ በርበሬ። ተፈጭቶ 3 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ። ቱልሲ የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ነው። በበሶብላ ተተክቶ 40፣ 20፣ 20 እና 10 ግራም ቢደረግ 30 ብርጭቆ ይወጣዋል። ይህ አይፈላም፤ የፈላ ውኃ ይፈስበትና ይታፈናል። ሚኒስቴሩ ያወጣው ሰውነትን ለማበርታት ብሎ ነው፤ ኮሮናን ያድናል አላለም። በገበያ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ የሚገኘው ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ጉበት የሚጎዳ ነገር ስላለው ለወራት አይጠጣ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ከነጭራሹ ይተወው።

ደረቅ ሳልና ሌሎቹ

አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከክ ሳል ከላይ ባለው ካዳ ይብሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማለስለሻ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተለቀመ፣ ያልተቆላ ሙሉ ተልባ በ2 ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ሙልጭልጭ ሲል አጥልሉና ማር ጨምሩበት። ቀስ እያሉ ነው የሚጎነጩት፤ አንድ ጊዜ ከተጨለጠ ጉሮሮውን ሳያለብስ ያልፋል። የተቆላ ተልባ ይህን ልጋግ በደንብ አይሰጥም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተልባውና በክኒኑ መካከል 1 ሰዓት ይተው፤ ልጋጉ መድኃኒቱን ያዘገየዋል።

እርድ በውኃ ማፍላት ድካም ነው። ዋናው ነገሩ በውኃ ስለማይሟሟ ድስቱ ሥር ይተኛል። በ1 ብርጭቆ ወተት ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ አድርጎ 5 ደቂቃ ማፍላት ይሻላል፤ በጾም ተወቅጦ በተጣራ ሱፍ ይሆናል። አክታ ለበዛበት ሰው ግን አዩርቬዳ ወተትን አይመክርም።

የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ለመታጠን እንጂ ለመጠጣት አይደለም። አንድ እፍኝ ቅጠል አፍልታችሁ ድስቱን ከእሳት አውርዱ፤ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ጋቢ ተከናንቦ ዓይን ጨፍኖ፣ ፊትን አንድ ክንድ ያህል አርቆ 5 ደቂቃ። ልጅን በዚህ አታጥኑ፤ ድስቱ ሲገለበጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ ይከፋል። አስም ያለበትንም እንፋሎቱ ሊያስነሳበት ይችላል። በጠርሙስ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ በአፍ ከተወሰደ መርዝ ነው፤ ልጅ ከሚደርስበት አርቁት።

ስም የሚያሳስትበት

በሕንድ ለሳል ከሚፈሉት ቅጠሎች አንዱ ቫሳካ ነው። በፋርማሲ የሚሸጠው ብሮምሄክሲን የተባለ የአክታ መድኃኒት መነሻው የዚህ ቅጠል ንጥረ ነገር ነው። ቫሳካ በሳይንስ ስሙ አድሃቶዳ ይባላል፤ የእኛ አጥር የሆነው ስሚዛም (ሌላው አገር ሰንሰል የሚለው) በድሮ መጻሕፍት አድሃቶዳ ተብሎ ተመዝግቧል። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ያየ ሰው ከአጥሩ ቆርጦ ለሳል ሊያፈላ ይችላል። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ተክል አይደሉም፤ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሠራም። ስሚዛን ለሳል አታፍሉ።

ጤና አዳምም ካዳ ውስጥ ቦታ የለውም። ለቡና አንድ ቀንበጥ ጣል ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ በእፍኝ አፍልቶ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር ጽንስ ሊያስወርድ፣ ለሌላውም ሆድና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በአዩርቬዳ ስም የሚሸጡ ክኒኖችና ዱቄቶችም ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪና አርሴኒክ ተገኝቷል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ እሽግ ከመግዛት ያልተፈጨ ቅመም መግዛት ይሻላል።

ማን አይጠጣ

ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በጣት ጫፍም አይቀመስ፤ ማር ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ይሠራል። 1 ዓመት ያለፈው ልጅ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ቢልስ ሳሉ ይቀልለታል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚያቃጥለው ካዳ አይሰጥ። ነፍሰ ጡርም ጥምዝ ያለበትን ትተው።

ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ሌላ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይጨምራሉ። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን፣ ለአስም ቴኦፊሊን የሚወስድ ሰው ይህን ካዳ አይጠጣ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚጨምር ከሆነም ከእሱ ይጠንቀቅ፤ ሁለቱም ደም ያቀጥናሉ። የአስም ታማሚ የሚነፋውን መድኃኒት በካዳ አይተካ፤ የቲቢ መድኃኒት የጀመረም አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ምን ተፈልቶ እንደተጠጣ በስሙ ይነገር፤ «ቅመም ነገር» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

የፈላው በዚያው ቀን ያልቃል፤ ያደረ ካዳ ይኮመጥጣል። ውኃው አልቆ ድስቱ ከያዘ ውኃ ጨምሮ ማዳን የለም፣ ይደፋ። የተከካው ቅመም በጥብቅ በሚከደን ብልቃጥ ከብርሃን ርቆ 1 ወር ያህል ሽታውን ይይዛል፤ ጦስኙን ግን ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው ይቀመጥ፤ የሚገባበት ሰዓት የተለየ ነውና።